ለሲያትል ማሪነርስ አስተዳደር፦ ሐምሌ ላይ እጃችሁን አጣጥፋችሁ እንዳትቀመጡ

ለ፦ ሲያትል ማሪነርስ ቤዝቦል ክለብ ባለቤቶችና አስተዳደር
ግልባጭ፦ በሲያትልና በአካባቢዋ ለሚገኙ ሐበሾች በሙሉ
ጉዳዩ፦ የዘንድሮውን ሲዝን ይመለከታል

ጤና ይስጥልን።

ደብዳቤው በአማርኛ ስለሆነ ቢሮ ውስጥ የሚያነብላችሁ ቢጠፋ ብዙ አትጨነቁ። ጨዋታ ባለበት ቀን በስታዲየሙ ዙሪያ ወዳሉት መኪና ማቆሚያዎች ወጣ በሉ። ሒሳብ ከሚቀበሉት አንዱ ያነብላችኋል። ሳትጠይቁትም የራሱን አስተያየት ይጨምርላችኋል።

የምጽፈው የ2026 ሲዝን ገና ሲጀመር ነው። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም የምጠራው በፈረንጆቹ ነው። የእኛን አቆጣጠር ካስገባሁ ሌላ ክርክር ይነሳል።) ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ማስረጃው ግን ረዘም ይላል። የዘንድሮው ቡድን ወርልድ ሲሪስ (የቤዝቦሉ የመጨረሻ የዋንጫ ግጥሚያ) መግባት የሚችል ቡድን ነው። ሐምሌ አልቆ የዝውውር ቀነ ገደቡ ሲደርስ ታዲያ እንደ ድሮው "ያለን ይበቃናል" ብላችሁ እንዳትቀመጡ።

ይህን ከራሴ ብቻ አላመጣሁትም። መጋቢት ሲገባ ሬይነር ቫሊ ውስጥ ባሉት ቡና ቤቶች፣ በአውሮፕላን ማረፊያው የታክሲ ወረፋ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስም "ዘንድሮስ?" የሚል አይጠፋም። እውነቱን ለመናገር ብዙው ሐበሻ አሁንም ቤዝቦል ሲባል ያዛጋል። "ቆመው የሚውሉበት ጨዋታ" ነው የሚለው። አንዴ የገባን ግን መውጫው ጠፍቶናል። በስድስት ወር 162 ጨዋታ ማለት እኮ ቀልድ አይደለም። ማታ ማታ ከሥራ መልስ የሚጠብቅህ ነገር ነው።

በእኛ ክርክር ላይ ከሁሉም በላይ የሚደመጡት አንድ ጋሼ ናቸው። ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። "እንግሊዝኛ የለመድኩት ከዴቭ ኒሃውስ ነው" ይላሉ። ኒሃውስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቡድኑ ከተመሠረተበት ከ1977 ጀምሮ በ2010 እስኪሞት ድረስ ጨዋታውን በሬዲዮ ያስተላልፍ የነበረ ሰው ነው። ጋሼ ተሳፋሪ ጭነውም ቢሆን ሬዲዮውን ዝቅ ማድረግ አይሆንላቸውም ነበር። ዛሬም ሲከራከሩ ድምፃቸውን እንደሱ ይጎትቱታል።

ጋሼ ነገር የሚጀምሩት ሁልጊዜ ከ1995 ነው። በነሐሴ መጀመሪያ ቡድኑ ከመሪው ካሊፎርኒያ ኤንጀልስ በ13 ጨዋታ ርቆ ነበር። ደረሰበት። እኩል ሆኑና በመለያ ጨዋታ 9 ለ 1 አሸነፈ። ከዚያ ከኒውዮርክ ያንኪስ ጋር ከነበረው የአምስት ጨዋታ ግጥሚያ ሁለቱን ተሸንፎ ሦስቱን በተከታታይ ወሰደ። በአምስተኛው ጨዋታ፣ በ11ኛው ኢኒንግ (ዙር ማለት ነው፤ የተለመደው ዘጠኝ ነው)፣ ኤድጋር ማርቲኔዝ ኳሷን ወደ ግራ ጥግ ላካት። ጆይ ኮራ ገባ። ኬን ግሪፊም ከአንደኛው ቤዝ (ሯጩ ከሚዞራቸው ማረፊያዎች የመጀመሪያው) ተነስቶ ሜዳውን ዞሮ ገባ። 6 ለ 5። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ስኒውን ግሪፊ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ያስሮጡታል። የስኳሩ ዕቃ ሦስተኛው ቤዝ ነው። ረከቦቱ ሆም ፕሌት፣ ሯጩ ዞሮ የሚገባበት፣ ነው። ስኒው ረከቦቱ ላይ ሲደርስ ሁላችንም፣ በዚያ ዓመት እዚህ አገር ያልነበርነው ጭምር፣ እንጮሃለን።

ያ ወር ለእናንተ ስታዲየም ሠርቶላችኋል። በዚያው መስከረም የኪንግ ካውንቲ ሕዝብ "ለአዲስ ስታዲየም ግብር አንከፍልም" ብሎ በጠባብ ልዩነት ድምፅ ሰጥቶ ነበር። ከዚያ ግሪፊና ኤድጋር ከተማውን አሳበዱት፤ ጥቅምት ላይ የዋሽንግተን ስቴት ምክር ቤት ገንዘቡን በሌላ መንገድ ፈለገ። አንዱ መንገድ በካውንቲው ምግብ ቤቶችና መጠጥ ቤቶች ላይ የተጣለ ግማሽ በመቶ ተጨማሪ ግብር ነው። ከ1996 እስከ 2011 ድረስ ተከፍሏል። እንግዲህ አስቡት። በእነዚያ ዓመታት በቼሪ ጎዳና የ10 ዶላር በያይነቱ የበላ ሰው ሁሉ 5 ሳንቲም ለእናንተ ስታዲየም አዋጥቷል። ቤዝቦል ምን እንደሆነ የማያውቁ እናቶች ክትፎ እየሠሩ ከፍለዋል። በ2018 ደግሞ ካውንቲው ለስታዲየሙ ጥገናና እድሳት ከሆቴል ግብር 135 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደላችሁ። ስታዲየሙ የሕዝብ ንብረት ነው፤ እናንተ ተከራዮች ናችሁ። ስለዚህ "ምን አገባችሁ?" እንዳትሉን።

አሁን ወደ ሐምሌ ልመለስ።

በ2001 116 ጨዋታ አሸነፋችሁ። በሊጉ ታሪክ ይህን ያህል ያሸነፈ ሌላ ቡድን የ1906ቱ ቺካጎ ካብስ ብቻ ነው። ኢቺሮ ሱዙኪ ከጃፓን በመጣበት በመጀመሪያ ዓመቱ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ያንኪስ ግን በአምስት ጨዋታ ሸኙን። ይሁን፣ ይህ የኳስ ነገር ነው። የማይገባን የተከተለው ነው። በ2002 93 አሸነፋችሁ። በ2003ም 93። በሁለቱም ዓመት ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ያለው የጥሎ ማለፍ ውድድር) አልገባችሁም። ቡድኑ ጥሩ ነበር፤ አንድ ሁለት ሰው ነው የጎደለው። ሐምሌ ሲመጣ ጉድለቱ ለሁሉም ይታያል፤ ጉድለቱን የሚሞላ ሰው ግን አልመጣም። በ2004 99 ጨዋታ ተሸነፋችሁ። ከዚያ እስከ 2022 ድርቅ ነው። በ2002 የተወለደ የሰፈራችን ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ቡድኑን ፕሌይኦፍ ላይ አይቶት አያውቅም ነበር።

ድርቁ እንዴት እንደተሰበረ ደግሞ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። በ2022 ሐምሌ ላይ ሉዊስ ካስቲዮን ከሲንሲናቲ አመጣችሁ። ያኔ እጃችሁ አልታጠፈም። መስከረም መጨረሻ ላይ ካል ራሌይ በመጨረሻው ኢኒንግ ሆምራን (ኳሷን ከአጥር የሚያሻግር ምት) መታና ገባን። ቶሮንቶ ሄደን 8 ለ 1 ከተመራንበት ጨዋታ 10 ለ 9 አሸንፈን ወጣን።

በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ምን አደረጋችሁ? መጨረሻ ላይ ወርውሮ ጨዋታ የሚዘጋላችሁን ፖል ሲዋልድን ለአሪዞና ሰጣችሁ። በምትኩ የመጡት ልጆች መጥፎ ነበሩ አልልም። ግን አሪዞና በዚያው ዓመት ሲዋልድን ይዞ ወርልድ ሲሪስ ገባ፤ እኛ በአንድ ጨዋታ ቀረን። በአንድ! ከዚያ የቤዝቦሉ ጉዳይ ኃላፊያችሁ ጄሪ ዲፖቶ ለጋዜጠኞች ማብራሪያ ሰጡ። አሥር ዓመት ሙሉ በአማካይ 54 በመቶ ያሸነፈ ቡድን አንድ ቀን ወርልድ ሲሪስ መድረሱ አይቀርም አሉ። ትዕግሥት መጠየቃቸውም ለደጋፊው ውለታ እንደመዋል ነው የሚል ነገር አከሉበት። በኋላ ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ስለዚህ ቂም አልያዝንም። ሒሳቡን ግን አልረሳንም። በዚያ ዓመት 88 አሸንፋችኋል። 88ን ለ162 አካፍሉት። 54 በመቶ ነው፣ ከትርፍራፊ ጋር። የተባለውን ያህል በትክክል አሸንፋችሁ በትክክል ቀራችሁ። ስለ ትዕግሥት ደግሞ እኛ ሰፈር የአርሰናል ደጋፊ ስለሚበዛ አስተማሪ አያስፈልገንም።

"2024ስ?" ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ሐምሌ ላይ ራንዲ አሮዛሬናን አመጣችሁ፤ እንደገና በአንድ ጨዋታ ቀረን። ሰው ማምጣት ሁልጊዜ ይሠራል አላልኩም። ተቀምጦ መጠበቅ ግን ሲሠራ አይተን አናውቅም።

አምና ታየ። ሐምሌ ላይ ጆሽ ኔይለርና ዩሄኒዮ ሱዋሬዝ ከአሪዞና መጡ። ቡድኑ 90 አሸንፎ ምድቡን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ከ2001 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ራሌይ 60 ሆምራን መታ። ካቸር ሆኖ! ቤዝቦል ለማይከታተል ሰው ላስረዳ። ካቸር ማለት ሙሉ ጨዋታውን ቁጢጥ ብሎ፣ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የሚወረወር ኳስ የሚቀልብ ሰው ነው። ጉልበቱ አልቆ ነው ለመምታት የሚቆመው። ከእሱ በፊት የካቸር ሪከርድ 48 ነበር። የክለቡ ሪከርድ ደግሞ የግሪፊ 56። ሁለቱንም አለፋቸው።

በፕሌይኦፉ ከዲትሮይት ጋር የነበረችው አምስተኛ ጨዋታ አርብ ማታ ነበረች። 15 ኢኒንግ፣ አምስት ሰዓት ገደማ። ሆርሄ ፖላንኮ መታና 3 ለ 2 አለቀች። ማታ ወደ ደቡብ በሚሄደው ባቡር ውስጥ የማይተዋወቅ ሰው ይተቃቀፍ ነበር። አንዲት ነርስ እህታችን፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ከኦቴሎ ፌርማታ ፈንታ ሬይነር ቢች ድረስ ስታወራ ሄዳለች።

ከዚያ ቶሮንቶ። ቶሮንቶ ስንት ዘመድ እንዳለን ታውቃላችሁ? በዚያ ሰሞን በሁለቱ ከተሞች መካከል የነበረው የስልክ ወሬ ሌላ ጉድ ነው። መጀመሪያ እነሱ ሜዳ ላይ ሁለቱን ወሰድንባቸው፤ ስልክ የሚደውለው እኛ ነበርን። በአምስተኛው ጨዋታ ሱዋሬዝ ቤዞቹ ሁሉ ሞልተው ሆምራን ሲመታ ደግሞ ጨረስናቸው አልን። በሰባተኛው ጨዋታ 3 ለ 1 እየመራን ሰባተኛው ኢኒንግ ገባ። ስምንት አውት (ስምንት መቺ ማስወጣት) ብቻ ቀርቶን ነበር። የእኛው ኤድዋርድ ባዛርዶ ወረወረ፤ የእነሱ ጆርጅ ስፕሪንገር ሦስት ሰው የሚያስገባ ሆምራን መታ። 4 ለ 3። ያኔ ስልኩ ከወዲያ በኩል መጮህ ጀመረ። የእኔም ጮኸ፤ አላነሳሁትም። እነሱም ብዙ አልቆዩም። ወርልድ ሲሪስ ላይ በዶጀርስ በሰባተኛው ጨዋታ ሲሸነፉ እኛ ደወልን።

አሁን ቡና ቤቶቻችንን ለሁለት የከፈለው ይህ ነው። አሰልጣኙ ዳን ዊልሰን በዚያች ሰዓት አንድሬስ ሙንዮዝን ለምን አላስገባም? ነርሷ እህታችን "ሙንዮዝ የሚዘጋው ዘጠነኛውን ነው፤ ባዛርዶ ዓመቱን ሙሉ ጥሩ ነበር" ትላለች፣ ቁጥሩን ከስልኳ አውጥታ። ጋሼ ደግሞ ዊልሰን በ1995 የቡድኑ ካቸር ስለነበር በዚህ ዓለም ምንም ቢያደርግ ይቅር ብለውታል። በእኔ አስተያየት ስምንት አውት ሲቀርህ ከዚያ የበለጠ ሰዓት የለም። ምርጡን ሰው ለዘጠነኛው አስቀምጠህ ዘጠነኛው ላይ የምትከላከለው ነገር ከሌለህ ምን ዋጋ አለው? ግን ዊልሰንን አልወቅስም። ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ የሚታመን አንድ ተጨማሪ ሰው ቢኖረው ኖሮ ክርክሩም አይነሳም ነበር። ጥፋቱን ከሜዳው ወደ ቢሮው የማመጣው ለዚህ ነው።

ዘንድሮስ? ጥሩ ነገር ሠርታችኋል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው። ኔይለርን በ92.5 ሚሊዮን ዶላር ለአምስት ዓመት አስቀራችሁት። ዊንተሩ ገና ሳይገባ፣ ሌሎች ክለቦች ሳይነካኩት ነው የፈረመው። ራሌይ ቀድሞውኑ 105 ሚሊዮን ፈርሟል። ሁሊዮ ሮድሪገዝም ገና ብዙ ዓመት አለው። ሚያዝያ ላይ እንደ ልማዱ ቀዝቅዞ ቢጀምር "አልቆለታል" የሚል አይጠፋም፤ አትስሟቸው፣ ሙቀት ሲመጣ ይነሳል። ፒቸሮቹ (ኳስ ወርዋሪዎቹ) ጊልበርት፣ ከርቢ፣ ዉ፣ ሚለርና ካስቲዮ ናቸው። ጤና ከሰጣቸው በሊጉ ከሚፈሩት መካከል ናቸው። አምና ግን ከካስቲዮ በቀር ተራ በተራ ተጎድተዋል።

የጎደለው ደግሞ አለ። ፖላንኮ ወደ ኒውዮርክ ሜትስ ሄደ። ሱዋሬዝ ወደ ሲንሲናቲ ተመለሰ። በጥቅምት ያስለቀሱን ሁለቱ ምቶች የእነሱ ነበሩ፤ በደስታ ማለቴ ነው። ራሌይ እንደገና 60 ይመታል ብላችሁ ዕቅድ ከያዛችሁ ተሳስታችኋል። 40 ቢመታ እልል እንላለን፤ የቀረውን 20 ከሌላ ቦታ ማግኘት የእናንተ ሥራ ነው።

ነርሷ ዘንድሮ ምድቡን እንደገና እናሸንፋለን ባይ ናት። ጋሼ "አያለሁ" ብቻ ነው የሚሉት። ከ1977 ጀምሮ ሁሉንም ያዩ ሰው ናቸው፤ ከሠላሳው ክለብ ወርልድ ሲሪስ ገብቶ የማያውቀው የእኛው ብቻ መሆኑን በየቀኑ ያስታውሱናል። እኔ መሐል ላይ ነኝ። እስከ ሐምሌ እንደርሳለን እላለሁ። ከሐምሌ በኋላ ያለውን ግን መተንበይ የእኔ አይደለም፤ የእናንተ ቼክ ደብተር ነው።

በነገራችን ላይ፣ የሲዝኑ መክፈቻ ሁዳዴ ላይ ስለሚውል ብዙዎቻችን ሆትዶጋችሁን አንበላም። ነጭ ሽንኩርት የተነሰነሰበት የድንች ጥብሳችሁ ነው የሚያቆየን። ሙስሊሞቹ ወንድሞቻችን ግን ረመዳንን ስለጨረሱ አጠገባችን ቁጭ ብለው ይበሉብናል። ስለምትሸጡት የተጠበሰ ፌንጣም ሰፈራችን ውስጥ ውይይት ተደርጓል። በ2017 ተሻምቶ ሲያልቅ "በአንድ ጨዋታ ከ312 በላይ አይሸጥም" ብላችሁ፣ ቁጥሩን ከኤድጋር የመምቻ አማካይ (.312) ወስዳችሁ ነበር። ይህቺ ነገር ጋሼን በጣም ደስ አሰኝታቸዋለች። "ዮሐንስ መጥምቁስ አንበጣ በልቶ የለም እንዴ?" ብለው አንድ ቀን ገዙ። ጾም ነው ፍስክ ነው የሚለው ግን እስካሁን መልስ ስላላገኘ ያቺ ኩባያ ሳትነካ ለአንድ ፈረንጅ ተሰጥታለች።

ወደ ጥያቄዬ። ትልቅ ስም አምጡልን አላልኩም። ሐምሌ ላይ ከአንደኝነት በአምስት ጨዋታ ብትርቁም ሆነ በአምስት ብትመሩ፣ የጎደለውን አንድ መቺና በሰባተኛውና በስምንተኛው ኢኒንግ የሚታመን አንድ ፒቸር አምጡ። ከታች እያሳደጋችሁ ያሉትን ልጆች ለመስጠት እንደምትሳሱ እናውቃለን። ጥሩ ልጆች ናቸው። ግን ልጆቹ እስኪደርሱ ራሌይና ሁሊዮ አይጠብቁንም፤ ካቸር ደግሞ ጉልበቱ ቶሎ ነው የሚያልቀው። በ2002 እና በ2003 "በሚቀጥለው ዓመት" ተብለን ነበር። የሚቀጥለው ዓመት 99 ሽንፈት ሆኖ መጣ። ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ጥቅምት ላይ ብንሸነፍ እንኳ እባካችሁ በመቶኛ አታስረዱን። "ሞከርን፣ አልሆነም" ይበቃል።

መልስ በደብዳቤ አንጠብቅም። ሐምሌ አልቆ ቀነ ገደቡ ሲደርስ ስልካችን ላይ እናየዋለን። እስከዚያ ነርሷና ጋሼ ተወራርደዋል፤ የተሸነፈ ለሁላችንም ክትፎ ይጋብዛል። ከላይ የተባለው ግማሽ በመቶ ግብር ስለቀረ ሒሳቡ ትንሽ ይቀላል።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ ደጋፊ፣ ከሬይነር ቫሊ